«እሷን ይዤ አልበርም»

መጋረጃ ሰፊዋ ከአክስቷ ጋር ወደዚያች የሐይቅ ዳር ከተማ የመጣችው ለዕረፍት እንጂ ልቧን ጥላ ልትሄድ አልነበረም። ከተማዋ እንደሆነች የእብዶች ናት፤ ግማሹ ሰው በገመድ ገደል ይወጣል፣ ግማሹ በጀልባ ከወንዝ ድንጋይ ጋር ይላተማል፣ የቀረው ደግሞ ከተራራው ጫፍ በጨርቅ ክንፍ ዘሎ ሐይቁ ዳር ያርፋል። አክስቷ ከሆቴሉ በረንዳ ሆነው፣ «ሰው ከፍሎ ይሞታል?» ይላሉ።

በጨርቅ ክንፍ እንግዳ ይዞ የሚበረውን አብራሪ ያገኘችው በመጡ ማግስት ነው። ሐይቁ ዳር አርፎ ክንፉን ከረጢት ውስጥ ሲከት፣ ዓይኗ የከረጢቱ ስፌት ላይ ወደቀ።

«ውይ! ይሄን የሰፋ እጅ ይቆረጥ!»

«የቀኙን ነው የግራውን?» አለ አብራሪው። «ሁለቱም ተባብረዋል።»

አፈረች። ማፈሯን ሲያይ እሱ ይባስ አፈረ። ከረጢቱን ተቀብላ ስታስተካክልለት ዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ አብረው ሐይቁን ሲዞሩ ያላያቸው የለም። ሲያወሩስ ደህና ነው፤ ዝም ሲሉ ነው የሚብሰው። እሱ የሆነ ነገር ሊል አፉን ይከፍትና ስለ ንፋስ ያወራል። የወደደ ሰው ስለ ንፋስ ምን አስወራው? እሷም ብትሆን ያው ናት፤ ስለ መጋረጃ።

የመሄጃቸው ቀን ደረሰ። አውቶቡሱ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል። «ዛሬ ካልተናገረ አበቃ» አለች በልቧ። ከሱ ጋር ለመብረር ተመዝግባ በጠዋት ተራራው ላይ ወጣች። አየር ላይ የት ይሸሻል?

እዚያ እንግዳ ሁሉ ከመብረሩ በፊት ይመዘናል። ሚዛኑ ላይ እንደቆመች አብራሪው ቀበቶውን ይዞ ቀረበ፣ አያት፣ ቆመ፣ ከዚያም ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣

«እሷን ይዤ አልበርም» አለ።

እግዚኦ! ሚዛን ላይ ቆሞ ይሄን መስማት! የተሰለፉት እንግዶች ቁጥሩን ለማየት አንገታቸውን ሲያሰግጉ አየች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አብራሪዎቹ ግን ፈገግ ብለው ተያዩ፤ በዕድሜ የበለጠቻቸው፣ «ንስሯ» የሚሏት አብራሪ፣ ቀበቶውን ተቀብላ አሰረችላት።

«ሩጪ!»

ሮጡ፤ መሬቱ ከእግራቸው ስር ቀረ። እንባዋን ንፋሱ ወደ ጆሮዋ ወሰደው።

«ያን ያህል ወፍሬያለሁ?» ብላ ጮኸች።

ንስሯ ከኋላዋ በሳቅ ፈነዳች። «ምን መወፈር! ያንቺን እጥፍ ይዞ ሲወርድ አይደል የሚውለው? የኔ ልጅ፣ የሥራችን ሕግ ነው። አብራሪ በተሳፋሪው ምክንያት ልቡ ከተረበሸ፣ ቢጠላውም ቢወደውም፣ ለሌላ አብራሪ ይሰጠዋል። 'ይዤ አልበርም' ብሎ መናገርም ነውር የለውም።»

«ታዲያ እኔን ጠልቶ ነው?»

«ጠልቶሽ ነው ትናንት ቀኑን ሙሉ 'አክስቷ ይሰጡኝ ይሆን?' እያለ ጆሮዬን የበላው?»

ከዚያ በኋላ ሐይቁንም ተራራውንም አላየችም።

አክስቷ ሻንጣዎቹን ደርድረው ሐይቁ ዳር፣ ክንፎቹ የሚያርፉበት ቦታ ላይ ይጠብቋት ነበር። «ተመስገን! በይ ቶሎ በይ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው።»

«አክስቴ፣ ተመልሼ ልወጣ ነው።»

«አሁን አይደል እንዴ የወረድሽው?»

«ሰው ረስቼ።»

አክስቷ ሽቅብ ተራራውን አዩ፣ ከዚያም እሷን። «በጨርቅ ለሚንጠለጠል ልጄን እሰጣለሁ ብዬ መች አስቤ!» ብለው ሻንጣው ላይ ቁጭ አሉ። «ሂጂ፤ አውቶቡስ ነገም አለ።»

እንግዳ የሚያመላልሰው መኪና ተራራው ጫፍ ሲያደርሳት አብራሪው ሳሩ ላይ ብቻውን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ።

«በሰው ፊት አዋረድከኝ!»

«ሕጉ እኮ...»

«ሕጉን ሰምቻለሁ። የቀረውን ካንተው አፍ ልስማ።»

አፉን ከፈተ። ስለ ንፋስ ቢያወራ ከተራራው ትወረውረው ነበር።

«እወድሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ቀበቶውን ላስርልሽ ስጠጋ አስተሳሰሩ ጠፋኝ። አንቺን ይዤ እንዳልወድቅ ፈራሁ።»

«እኔም እወድሃለሁ፣ አንተ ፈሪ!» አለችው እያለቀሰች። «አሁንስ እንዴት ነው የምንወርደው?»

«በእግራችን ነዋ።»

መንገዱ ረጅም ነው፤ እነሱም አላሳጠሩትም።

ከተጋቡ ይኸው ስንት ዓመታቸው። አብራሪው ከየአገሩ የመጣውን ሁሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የጮሁትን አክስቷን ሳይቀር፣ ይዞ ወርዷል። ሚስቱን ግን ይዛት የምትበረው ንስሯ ናት። ባልደረቦቹ እየሳቁ፣ «ዛሬስ?» ይሉታል። እሱም ሚዛኑ ላይ የቆመችውን ሚስቱን አየት ያደርግና ቀበቶውን ለንስሯ ያቀብላል።

«ገና ነው» ይላል።