የጨርቅ ተራዋ ዶክተር

«ዶክተሬ፣ እስቲ ይቺን ጉልበቴን እይልኝ» አሉ እማማ ይርጋነሽ፣ ገና ከሱቁ ደጃፍ ሳይደርሱ።

ኢልሀም በአባቷ ሱቅ ጨርቅ እያጣጠፈች ነበር። ሰምታ እንዳልሰማች አንገቷን ደፋች። ዕድሜዋ ገና አሥራ ስድስት ነው፤ ያከመችውም ሰው የለም። ቢሆንም የሞጣ ጨርቅ ተራ ሾሟታል። የሹመቱ ባለቤት አባቷ ጋሽ ሙሂዲን ናቸው። የስምንተኛ ክፍል ውጤቷ የመጣ ጊዜ፣ ጨርቅ ሊገዛ ለገባው ሁሉ «ይቺ ዶክተር ነው የምትሆን» እያሉ አወሩ። ከዚያ ወዲህማ ስሟን የሚጠራ እናቷና መምህሮቿ ብቻ ሆኑ።

ነገ ደግሞ የምርጫ ቀን ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ናቹራል ወይም ሶሻል ብሎ ይለያል። ናቹራል የገባ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል፤ ሶሻል የገባ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ኢልሀም ፊዚክስን የምታጠናው ለውጤት ብላ ነው። ልቧ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ጤፍ ቢቸና ላይ ረክሶ ሳለ ሞጣ ላይ ለምን እንደሚወደድ፣ ደጀን ላይ መንገድ ተዘግቶ መኪና ሲቆም የጨርቅ ዋጋ ለምን ሽቅብ እንደሚወጣ። ነጋዴውን ሁሉ በጥያቄ አሰልችታዋለች።

ጠዋት ይህንኑ ለጓደኛዋ ለብሩክታይት ነግራት ነበር።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?» አለች ብሩክታይት። «የክፍሉ አንደኛ ሶሻል ሲገባ የት አይተሻል? ዩኒቨርሲቲ ሄደን የምንፈተነውም እኮ ለየብቻ ነው። እናንተ ሶሻሎች ተፈትናችሁ ስትመለሱ ነው እኛ ናቹራሎች የምንሄደው። አብረን ሄደን፣ አንድ ዶርም አድረን እንፈተናለን አላልንም?»

እውነትም ተባብለው ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች ሌላ ምን ይባባላሉ?

እማማ ይርጋነሽ በርጩማው ላይ አረፍ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ውስጡ ኪኒን አለ።

«የጎረቤቴ ልጅ ለጉልበቷ የምትውጠው ነው፤ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ የደም ግፊቱን እወስዳለሁ። አንድ ላይ ልዋጠው? አንቺ ዋጪው ካልሽኝ አሁኑኑ እውጠዋለሁ።»

«ንገሪያቸው እንጂ» አሉ ጋሽ ሙሂዲን፣ መቀሳቸውን እንደያዙ፣ ደስ ብሏቸው።

ኢልሀም ኪኒኑን አየች። እሺ ብትል ሴትዮዋ ይውጡታል። በአባቷ ወሬ ተማምነው ይውጡታል።

«እማማ፣ እንዳይውጡት። ጤና ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ፤ እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ። እኔ ዶክተር አይደለሁም።»

«ልትሆኚ ምን ቀረሽ ልጄ?»

«አልሆንም» አለች። ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። «ነገ ሶሻል ነው የምመርጠው።»

መቀሱ ቆመ።

«ፊዚክሱ ከበደሽ?» አሉ አባቷ።

«አልከበደኝም አባ። አልወደውም።»

«ሰዉን ምን ልበለው?»

«እኔም እስከዛሬ ዝም ያልኩት ይህንኑ ፈርቼ ነው።»

ጋሽ ሙሂዲን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ጨርቁን ለኩ፤ ረሱትና እንደገና ለኩ። ኢልሀም እማማ ይርጋነሽን ደግፋ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣች።

በማግስቱ መምህሩ ናቹራሎች በቀኝ፣ ሶሻሎች በግራ እንዲቀመጡ ነገሯቸው። ኢልሀም ቦርሳዋን አነሳች። ብሩክታይት የቦርሳውን ማንገቻ ለቀም አድርጋ ያዘች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከዚያ ለቀቀችው።

«ቀድመሽ ስለምትሄጂ ዶርሙ ምን እንደሚመስል ትነግሪኛለሽ» አለቻት።

ከሰዓት በኋላ ኢልሀም ፈራ ተባ እያለች ሱቅ ገባች። አባቷ ቀና ብለው አይተዋት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ምን እንደመረጠች አልጠየቋትም። ጨርቅ አንስታ ማጣጠፍ ጀመረች።

ጋሪ ነጂው የኔሰው በደጅ ሲያልፍ እንደ ልማዱ አንገቱን አስገባ።

«ዶክተር፣ እንዴት ዋልሽ?»

ኢልሀም አፏን ከመክፈቷ በፊት አባቷ ቀደሟት።

«ኢልሀም ነው ስሟ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ።