ቫዮሊኑ ወደ ኋላ ሲሄድ

«እህቷ ናት እኮ ያስተማረቻት!»

ይኸው፣ ዛሬም ተባለ። ሚጢጢ የኮንሰርት ቀሚሷን ለብሳ በርጩማ ላይ እንደቆመች ጥርሷን ነከሰች። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ከሥሯ ተንበርክካ፣ በከንፈሯ ስፒል ይዛ የቀሚሱን ጠርዝ ትለካለች። ሱሪ ለማሳጠር የመጣችው ጎረቤት «የልጅሽን ፎቶ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፎ አየሁት፤ ምን ዓይነት ተአምር ነው!» ብላ ነበር። እናት ስፒሉን እንኳ ከአፏ ሳታወጣ ያችኑ የለመደቻትን መለሰች።

ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ የትምህርት ቤቱን ውድድር ስታሸንፍ «እህቷ ናት»። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከትልልቆቹ ጋር ስትጫወት «እህቷ ናት»። አሁን አሥራ አምስት ሞልቷት፣ እሑድ ከሙሉ ኦርኬስትራ ፊት ብቻዋን ቆማ ልትጫወት፣ ጋዜጠኛ ቤት ድረስ መጥቶ አነጋግሯት፣ አሁንም «እህቷ»! ጣቷ ጫፍ ላይ የደደረው ቆዳ የማን ነው? የእህቷ ነው?

ነገሩ ውሸት ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። እህቷ፣ እሷ «እታለም» የምትላት፣ በአምስት ዓመት ትበልጣታለች። ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባችው እታለም ነበረች። የተማረችውን እየመጣች ለትንሿ ታሳያታለች፤ በአንድ ቫዮሊን፣ በተራ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ትንሿ ትልቋን አለፈቻት። እታለም አላኮረፈችም። ቫዮሊኑን «ላንቺ ይሁን፤ እኔ ጋ ሲሆን ያዛጋል» ብላ ሰጠቻት።

አሁን እታለም በውሰት ቫዮሊን፣ በዚያው ኦርኬስትራ የመጨረሻው ወንበር ላይ ለሙከራ ተቀምጣለች። ሙከራው እሑድ ያልቃል። በሙዚቃው ሁለተኛ ክፍል ከኋላ ያሉት አራት ቫዮሊኖች ብቻቸውን የሚሰሙበት ቦታ አለ። የኦርኬስትራው መሪ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው፣ «እዚያ ላይ እሰማሻለሁ፤ ከዚያ ወይ ትቀጠሪያለሽ ወይ ወንበሩን ታስረክቢያለሽ» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል።

ያን አርብ ቀሚሱ ተለክቶ እንዳለቀ እታለም የቫዮሊኑን ሳጥን ከፍታ ትጠራት ጀመር።

«ሚጢጢ፣ ነይ እዪ። ሁለተኛው ክር ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ተተርትሯል። በጣትሽ ዳብሺው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ቀይሪው። አዲስ ክር ተስቦ እስኪረጋ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ነገ ብትቀይሪው እሑድ ቅኝቱ ይወርድብሻል። አዲሱን ሳጥኑ ኪስ ውስጥ አድርጌልሻለሁ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ! አቦ አትነዝንዢኝ!»

አልቀየረችውም። ሰንፋ አይደለም፤ ስለታዘዘች ነው። አሥር ደቂቃ የማትፈጅ ሥራ ናት፤ ግን እታለም ያለችውን ካደረገች ነገ ደግሞ «ክሩንም እህቷ ናት» ይባላል። ቅዳሜ ነገሩ ትዝ ሲላት ጊዜው አልፏል፤ አሁን ብትነካው ይብሳል። «ለአርባ ደቂቃ ይችላል» አለች ለራሷ። እታለም ጫማዋን እያሰረች «ቀየርሽው አይደል?» ስትላት ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ቀየርኩት» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሚጢጢ ጥሩ ጀመረች፤ ከጥሩም በላይ። እጇ ሞቀ፣ ላቧ በጀርባዋ ወረደ፣ ሰው መኖሩን ረሳች። የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጧ! አለ። ክሩ ተበጥሶ ጉንጯን ገረፋት።

በኦርኬስትራ ቤት አንድ ልማድ አለ። ብቻውን የሚጫወተው ሰው ክር ሲበጠስበት ጨዋታው አይቆምም። የፊት ወንበር ላይ ያለችው የቫዮሊኖቹ አለቃ የራሷን ትሰጠዋለች። እሷ ከጎኗ ካለው ትቀበላለች፣ ያ ደግሞ ከኋላው ካለው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የተበላሸው ቫዮሊን ከእጅ ወደ እጅ ወደ ኋላ ይሄዳል። የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ሰውስ ከማን ይቀበላል? ከማንም።

አለቃዋ ቫዮሊኗን እጇ ላይ ስታኖርላት ሚጢጢ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ ቀጠለች። በዓይኗ ጥግ ግን የራሷ ቫዮሊን በየወንበሩ ሲያልፍ አየችው። እታለም ጭን ላይ ሲያርፍም አየች። እታለም ጎንበስ ብላ፣ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች፣ አዲስ ክር ልታስርበት በጎን በር ወጣች። አዲሱ ክር የት እንዳለ ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሳጥኑ ኪስ ውስጥ፣ ወረቀቱ እንኳ ሳይቀደድ።

ሁለተኛው ክፍል መጣ። አራቱ ቫዮሊኖች ብቻቸውን የሚሰሙበት ቦታ ደረሰ። እታለም ገና ስላልተመለሰች ሦስት ሆነው ተጫወቱት። አዳራሹ ውስጥ ማንም አላወቀም። ጋሼ ግን አወቁ፤ ሚጢጢም አወቀች።

ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ከመድረክ ጀርባ ባለችው ክፍል አበባ በአበባ ሆነች። «ክር ተበጥሶባት እንኳ አልደነገጠችም!» ይሏታል። ጋሼ የተበጠሰውን ክር በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ገቡ።

«ይህ ክር ካረጀ ቆይቷል። ለመሆኑ ቫዮሊንሽን የሚያየው ማነው?»

 እናቷ አለች፣ ጋዜጠኛው አለ፣ እታለም በሩ ላይ ቆማለች። ሚጢጢ አፏን ስትከፍት እውነቱን ልትናገር ነበር የመሰላት።

«እህቴ ናት» አለች። «ክሩን የምታይልኝ እሷ ናት።»

ዓይኗን በጨው ታጥባ ማለት ይኸው ነው። እታለም አየቻት። ረጅም አልነበረም አስተያየቷ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ «ረሳሁት፣ ጋሼ። ይቅርታ» አለች።

«የገዛ እህቱን ክር ያላየ ሰው፣ እኔ ወንበር አምኜ ልሰጠው ነው?» አሉና ጋሼ ወጡ። ሌላ ምንም አላሉም። ለሚጢጢ ግን በሩ ላይ ዞር ብለው «ለሦስቱ ከተሞች ጉዞ ተዘጋጂ» አሏት።

ወደ ቤት ሲሄዱ እታለም እንደ ሁልጊዜው የሚጢጢን ሳጥን ተሸክማለች።

«ለምን አልተናገርሽም?» አለቻት ሚጢጢ፣ ድምጿ እየሞተ።

«ምን ልበል? ‹ይህች አሁን ያጨበጨባችሁላት ልጅ ውሸታም ናት› ልበል?»

«በቃ ተቆጪኝ! ስደቢኝ እንኳ!»

«አሁን ደክሞኛል ሚጢጢ። ሌላ ቀን እሰድብሻለሁ፤ ቀጠሮ ያዢልኝ።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። 

ሰኞ ጠዋት ጎረቤቲቱ ሱሪዋን ልትወስድ መጣች። «አሉ አሉ፣ ከተማውን አናወጠችው አሉ!» አለች። ሚጢጢ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ጆሮዋን ጣለች። አሁን ይመጣል፣ ያ የለመደችው ነገር።

«ይህችማ በራሷ ነው እኮ!» አለች እናት የስፌት መኪናውን እየረገጠች። «የማንም እርዳታ የለባት። ያቺኛይቱ አንዲት ክር እዪላት ብትባል አቅቷት ልጄን ልታዋርዳት ነበር!»

ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። በራሷ! መጣላት። እሷ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እታለም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የውሰቱን ቫዮሊን በጨርቅ እየወለወለች ነው፤ ልትመልሰው። ቀና አላለችም። የእናቷ መኪና ይንኳኳል፣ ጨርቁ ይሄዳል ይመጣል። ሚጢጢ ቁርሷን ሳትነካ ወጣች።

ክፍል ውስጥ የሒሳብ መምህሩ ሁለት ጊዜ ጠርቷት አልሰማችም። ከትምህርት ሲለቀቁ ወደ ቤት አልሄደችም፤ ወደ አዳራሹ ሄደች። የጋሼ ቢሮ በር ገርበብ ብሏል። አንኳኩታ ገባች፤ ወንበር ቢያሳዩዋትም አልተቀመጠችም።

«ክሩን እንድቀይር አርብ ነግራኝ ነበር። ቀየርኩት አልኳት። አልቀየርኩም።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ትናንት ስጠይቅሽ ይህን ለምን አልተናገርሽም?»

«ሰው ነበረ።»

«እህትሽን ስትሰጪኝስ ሰው አልነበረም?»

 ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«እንደገና ይስሟት፣ ጋሼ። እባክዎ።»

«የእሷን አስብበታለሁ። አንቺን ግን፣» አሉ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ሦስት ከተማ ይዤሽ ልዞር ነበር። አሁን እሱንም ማሰብ አለብኝ። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«አሥር ሰዓት ላይ ልምምድ አለ። እህትሽም ወንበሯን ልታስረክብ ትመጣለች። ከፈለግሽ እቤትሽ መሄድ ትችያለሽ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

መሄድ ትችል ነበር። በሩ ክፍት ነው፣ ቦርሳዋም ጀርባዋ ላይ ነው። ሚጢጢ ኮሪደሩን ይዛ ወደ መውጫው አልሄደችም፤ ወደ መድረኩ ገባች።

ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ እየመጡ ወንበር ይጎትታሉ። ትልቁ መለከት ነፊ ገና ከሩቅ አያት።

«ኧረ ሚጢጢ! ዛሬ ደግሞ የማንን ቫዮሊን ልትነጥቂ መጣሽ?»

ሁሉም ሳቁ። የቫዮሊኖቹ አለቃ የራሷን ደረቷ ላይ አቅፋ «እኔ እንኳ ዛሬ አልሰጥም!» ስትል ሳቁ ባሰ። ሳቃቸው የፍቅር ነበር፤ የከበዳትም እሱ ነው። ከአፍታ በኋላ በዚህ ዓይን አያዩዋትም።

እታለም የውሰቱን ቫዮሊን ይዛ በኋላ በር ገባች። ሚጢጢን መድረኩ መሐል ቆማ ስታያት ባለችበት ቀረች። ነገሩ ወዲያው ገባት።

«አንድ ነገር ልናገር ነው የመጣሁት» አለች ሚጢጢ። ድምጿ ቀጥኖ ወጣ። ወንበር መጎተቱ ቆመ።

እታለም ከበሩ ላይ ሆና ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ተዪው፣ ተዪው ማለቷ ነው።

ሚጢጢ አየቻት። ከዚያ ከአርቡ፣ ከክሩ ጀመረች።