እንዳይነገረው

ዶክተር ሶስና በየማለዳው ሁለት ሰዓት ላይ ሦስቱን ሠልጣኝ ሐኪሞች አስከትላ ስድስት አልጋ ወዳለው የወንዶች ክፍል ትገባለች። የምታስተምራቸው ማዳን የማይቻለውን ሰው ያለ ስቃይ መሸኘትን ነው፤ ሕመሙ ከአስር ስንት እንደሆነ መጠየቅን፣ የሚዋጠውን ፈሳሽ ሞርፊን በሰዓቱ መስጠትን፣ የደረቀ ከንፈር ማርጠብን፣ ለታማሚው እውነቱን መንገርን። ዘጠኝ ዓመት ስኮትላንድ ተምራ ስትመለስ ይዛ የመጣችው አንድ እምነት ነበር፤ ማንም እየተሰቃየ መሞት የለበትም። ሰሞኑን ግን እሱንም መጠራጠር ጀምራለች፤ የጋሽ ዘርጋው ሕመም አልበርድ ብሏል።

ጋሽ ዘርጋው ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ካንሰሩ ከጉበታቸው አልፎ አጥንታቸው ገብቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ በር ላይ ጠብቀው እጇን ያዟት።

«ልጄ፣ አደራ፣ እንዳይነገረው።»

«እማማ፣ ማወቅ መብታቸው ነው።»

«የፈረንጅ አገሩን መብት እዚያው ትተሽው ብትመጪ ምን ነበረበት!»

ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ዶክተር ቃልአብ፣ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ክፍሉ እንደ ወትሮው በረኪናና የቆየ ቁስል ይሸታል፤ ከሥር ግን ሌላ፣ ውሃ ውስጥ የሰነበተ አበባ የሚመስል፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ነበር። ጉሙ በተሰበረው መስኮት ገብቶ ብርዱ ስለጸና ከሠልጣኞቹና ከአስታማሚዎቹ አፍ እንፋሎት ይወጣል።

«ዛሬስ ከአስር ስንት ነው፣ ጋሼ?»

«አስር» አሉ፤ ከአፋቸው ግን እንፋሎት አልወጣም።

ትናንትም አስር፣ ከትናንት ወዲያም አስር። የሞርፊኑን መጠን ሁለት ጊዜ እጥፍ አድርጋለች። ትራሳቸውን ስታስተካክል፣ ዋጡት የተባለው መድኃኒት ሁሉ በጉንጫቸው ወርዶ ጨርቁ ላይ ደርቆ አገኘችው። ወይዘሮ ትርንጎ በነጠላቸው ጫፍ ዝንብ እሽ ይላሉ፤ አንዷ የጋሽ ዘርጋው ዓይን ላይ አርፋ ብትሄድ ሽፋሽፍታቸው አልተንቀሳቀሰም። ቃልአብ እጃቸውን ሳይነካ የልብ ምታቸውን መዘገበ፤ ቁጥሩ ለሦስት ቀን አንድ ዓይነት ነው።

ሶስና ስቃዩን ያባባሰው መደበቁ ነው ብላ ቆረጠች። አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ በሽታዎ ካንሰር ነው። አይድንም።»

«እሱንማ ካወቅሁ ቆየሁ። ሌላ የሚደብቁኝ ነገር አለ። እስቲ አዳምጪኝና አንቺ ንገሪኝ፤ ካወቅሁት ሕመሙ የሚለቀኝ ይመስለኛል።»

ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አኖረች፤ ጠበቀች፤ ቦታ ቀየረችና እንደገና ጠበቀች። ሰው ለቆት እንደ ሄደ ቤት ያለ ዝምታ ነበር፤ የሚመታው ጆሮዋ ውስጥ ያለው የራሷ ደም ብቻ። ቀና ስትል ሠልጣኞቹ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ወይዘሮ ትርንጎ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አሉ። «ሦስት ቀኑ ነው። ልጁ ከሞያሌ ሳይደርስ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ እንዴት ተብሎ የራሱ መርዶ ለብቻው ይነገረዋል?»

«ምን ሰማሽ?» አሉ ጋሽ ዘርጋው።

ለሠልጣኞቿ በየቀኑ የምትደጋግመው እውነት ምላሷ ላይ ደርሶ ደረቀ።

«ደኅና ነዎት፣ ጋሼ፤ ይሻልዎታል» አለቻቸው ፊታቸው በስቃይ ሲጨማደድ እያየች፤ ያኔ ከቀሩት አምስት አልጋዎች አንዱ ከሌላው በኋላ፣ በቀስታና በትሕትና፣ «እስቲ እኔንም አዳምጪኝ፣ ዶክተር» ይሏት ጀመር።