ሹፌር ሁሉ

እናቷ ስለ ሹፌር የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱኑ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳትሰለች ስትደጋግመው ኖራለች። «ሹፌር ሁሉ ሁለት ቤት አለው።» አይፈረድባትም። የጭነት መኪና ሹፌር የነበረው ባሏ አንድ ቀን እንደወጣ በዚያው ቀረ። ሌላ ከተማ ሌላ ሚስትና ሌሎች ልጆች እንዳሉት የሰማችው ከሰው አፍ ነው።

ልጅቷ አድጋ የኮሌጅ ሎጂክ መምህርት ሆነች። ጀማሪ ተማሪዎቿን ስለ ነገሮች የምንናገርባቸውን አራት መንገዶች ታስተምራለች። ሁሉም እንዲህ ነው። አንድም እንዲህ የለም። አንዳንዱ እንዲህ ነው። አንዳንዱ እንዲህ አይደለም። ይህን ሁሉ የምታውቅ ልጅ፣ ጉድ በሉ፣ ከሰው ሁሉ መርጣ የወደደችው የኮሌጁን ሰርቪስ ሹፌር ነው!

መምህራኑ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ሲነዳ እንቁላል የጫነ ነው የሚመስለው። እሷ ከጀርባው ተቀምጣ ፈተና ስታርም በመስታወቱ ያያታል፤ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ይጋጩና ሁለቱም ወደ መንገዱ ይዞራሉ።

«መምህር፣ ዛሬስ ስንቱ ወደቀ?» አላት አንድ ጠዋት።

«ግማሹ። ‹አንዳንድ› ማለት ስንት እንደሆነ አልገባቸውም።»

«ስንት ነው?»

«ቢያንስ አንድ።»

«እንዴ! አንድ ሰው ብቻውን አንዳንድ ይባላል?»

«በእኛ ትምህርት ይባላል።»

ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አንድ ጥያቄ ሳይጠይቃት ከመኪናው አትወርድም። ከርሞ ከርሞ የእናቷን ነገር አጫወተችው። ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ዞር ብሎ አያት።

«‹ሁሉ› የሚለውን ለማፍረስ ስንት ሰው ያስፈልጋል?»

«አንድ።»

«እንግዲያው እኔ አለሁልሽ።»

ልቧ ቅልጥ አለ። ለእናቷ የምትነግርበትን ቀን ቆረጠች። ቀኑ ሳይደርስ አክስቷ መጣች።

«ያ የእናንተ ሹፌር ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ሰፈር አንድ ቤት ይገባል። በገዛ ቁልፉ ከፍቶ ነው የሚገባው፣ ትሰሚኛለሽ?»

ቅዳሜ አክስቷ ካለቻት ቤት ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ቆማ ጠበቀችው። ሁለት እጁን ሞልቶ ዕቃ ተሸክሞ መጣ። ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በሩን ከፈተ። ግቢው ውስጥ የሴት ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። «መጣ! መጣ!» አሉ ሕፃናት። በሩ ተዘጋ።

ሁለት ቤት ያለው ሁሉ በቁልፍ ይገባል፤ እሱም በቁልፍ ገባ፤ አለቀ። ይህንኑ ስህተት ተማሪ ሲሠራባት «ላም ሁሉ ውሃ ትጠጣለች፤ እኔም ውሃ እጠጣለሁ፤ እንግዲያው ላም ነኝ?» እያለች ክፍሉን በሳቅ ታፈነዳው ነበር። ያን ቀን ግን ለራሷ ስትሆን ዕውቀቷ ሁሉ ጥሏት ሄደ።

ሰኞ፣ «ከእንግዲህ እንዳታናግረኝ» አለችው።

«ምን አጠፋሁ? ምን ሰምተሽ ነው? ጠይቂኝ እስቲ።»

«የምጠይቅህ የለኝም። እናቴ ነግራኛለች።»

«አንድ ይበቃል ብለሽኝ እኮ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ከመኪናው ወርዳ ሄደች። በወሩ በገዛ ፈቃዱ ኮሌጁን ለቆ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ተቀጠረ።

በምትኩ አንድ ሽማግሌ ሹፌር መጡ። አንድ ዓርብ ከመሪው አጠገብ ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየችና ክው አለች።

«አባባ፣ ይሄ ቁልፍ የማን ነው?»

«የተራ ነው፣ ልጄ። አንድ ጓደኛችን መኪና ተገልብጦበት ወገቡ ተሰብሮ ተኝቷል። ቅዳሜ ሚስቱ ሥራ ትውላለች፣ ልጆቹ ገና ሕፃናት ናቸው፣ እሱ ተነስቶ አይከፍት። እኛ ሹፌሮቹ እየገባን ገላውን እናጥበዋለን፣ ለቤቱ የሚሆን ዕቃ እናደርሳለን። እንዳይወራብኝ ብሎ አስምሎናል፤ አንቺ ስለጠየቅሽኝ ነው።» ትንሽ ነዱና ቀጠሉ። «ያ ‹ቀስ በቀስ› የምትሉት ልጅ እዚህ ሳለ መቼ ተራችን ይደርሰን ነበር? ቅዳሜውን ሁሉ እሱ ነበር የሚሸፍንልን።»

የፈተናውን ወረቀት ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ያኔውኑ ወደ እሱ መሄድ ነበረባት። እፍረት ያዛት። ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ ስትል፣ ዛሬ ነገ ስትል፣ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በመጨረሻ አውቶቡስ መናኸሪያው ስትደርስ የመኪናውን መስታወት ሲወለውል አገኘችው። አንዲት ሴት አጠገቡ ቆማ ጨርቁን እያጠበች ታቀብለዋለች።

«መምህሬ ናት» አላት ለሴትዮዋ፣ ፊቱ በርቶ። «ባለቤቴን ተዋወቂያት።»

ቂም የሚባል ነገር ፊቱ ላይ አልነበረም። ምነው ቢሰድበኝ ኖሮ፣ አለች በልቧ፣ የሴትዮዋን እርጥብ እጅ እየጨበጠች።

ዛሬ ፀጉሯ ሸብቷል። እናቷም ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገሯን እንደያዘች አረፈች። እሷ ግን በየዓመቱ የአራተኛው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ምሳሌዋን አትቀይርም። «አንዳንድ ሹፌሮች ሁለት ቤት የላቸውም» ብላ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች።

ዘንድሮ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እውነት መሆኑን በምን አወቁ?»

«አንድ አውቃለሁ።»

«አንድ ብቻ?»

ጠመኔውን አስቀመጠች።

«አንድ ይበቃኝ ነበር» አለች።