የጉና ነፋስና የዓይናለም ማውስ

በደብረ ታቦር ኢየሱስ እምላለሁ፣ ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ዋሽቼ እንደሆነ የዘራሁት ገብስ አሜኬላ ሆኖ ይብቀል። «ማውስ ደግሞ ትዳር ያስቀራል ወይ?» የሚል ካለ ቁጭ ብሎ ይስማኝ።

ሙላቴ የኮምፒውተርና የስልክ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው፤ የሚለያቸው ስስ የችፑድ ግድግዳ ብቻ። ከግድግዳው ወዲያ ጸሐፊዋ ዓይናለም ትቀመጣለች። የአንበሳሜ ልጅ ናት። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች። ዓይኗን ግን መሸፈን አትችልም፤ ሙላቴን የጎዳውም እሱ ነው።

መጀመሪያ የጠራችው በእውነተኛ ብልሽት ነበር። ገመድ አልባው ማውሷ እንደ ሰነፍ በሬ መሐል እርሻ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሙላቴ የባትሪ ድንጋዩን ቀይሮ አስነሣው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«የጉና ነፋስ ነው» አላት፣ ፈገግ እንኳ ሳይል። «ከተራራው ሲወርድ ሲግናሉን ጠርጎት ይሄዳል። ይፋግ ላይ አንድ ሰው ማውሱን ቢጫን አንበሳሜ እናንተ ቤት ሬዲዮ ተከፈተ አሉ።»

«ውሸታም! እኛ ቤት ሬዲዮ የለም።»

«እሱ ነው እንግዲህ ጉዱ!»

ሳቀች። ያቺን ሳቅ ደግሞ ለመስማት ሙላቴ የማይሸርበው ተንኮል አልነበረም። የሌላ ማውስ መቀበያ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ፣ ከኮምፒውተሯ ጀርባ ሰካና ማውሱን እሱ ዘንድ አስቀረ። ከዚያ ወዲያ ናፍቆት ሲነሣበት ከሱቁ ሆኖ ነካ ያደርገዋል፤ እሷ ዘንድ ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ቀስት እንደ ጥጃ ትፈነጫለች። ግድግዳው ይንኳኳል።

«አንተ ሙላቴ! ነፋስህ መጣልህ!»

አንድ ቀን የእጇን አንጓ ስታሽ አገኛት።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ይሄ ማውስ ለእጅ አይመችም። ስይዘው ጣቴ ይኮራመታል፤ እሱ ወዲያ ሲሸሽ እኔ ወዲህ ስጎትት እውልና ማታ ጸጉሬን ለመሥራት እንኳ እጄ እምቢ ይለኛል።»

ሙላቴ አፈረ። ማውሱን የሚያሸሸው የእሱ እጅ መሆኑን እሱ ያውቃል። በማግሥቱ በተልባ የተሞላች ትንሽ ትራስ አሰፍቶ አመጣላት። አንጓዋን አስደገፈችና ቀና ብላ አየችው።

ከዚያ ወዲያ ተንኮሉ ደስ አላለውም። የሰፈሩን ቄስ፣ አባ ዘውዱን፣ ለሽማግሌነት ለመናቸው።

«ከአባቷ ደጅ ከመቆሜ በፊት ልጅቱን በዓይኔ ልያት» አሉ። «ነገ ጉዳይ ያለኝ መስዬ ብቅ እላለሁ።»

ሽማግሌ እየላኩ ማታለል ነውር ነው። በማግሥቱ ሙላቴ ያን ማውስ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ ሊያሳያት፣ አብረው ሊስቁበት፣ መቀበያዋንም ሊነቅል። ማጥፋቱን ግን ረሳው።

ዓይናለም ኮምፒውተሯ ፊት ፈዝዛ ተቀምጣለች።

«ሐዋሳ የሥራ እድገት ሰጡኝ» አለችው። «ዛሬ ካልመለስሁ ያልፈኛል። አንዴ ከተጫነ ደግሞ መመለሻ የለውም።»

ኮምፒውተሩ ላይ «እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም» የሚሉ ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«አንተ ምን ትላለህ?»

ውሸት እንደ ምንጭ የሚፈልቅለት ሰው፣ እውነት የተጠየቀ ዕለት ምላሱ ታሰረ። አትሂጂ የምትል አንዲት ቃል ነበረች።

«አንች… አንች ታውቂያለሽ» አላት።

አየችው፤ ረጅም አየችው። ከዚያ ፊቷን መለሰችና ማውሷን ያዘች። ቀስቷ ቀስ እያለች ወደ «አልቀበልም» አመራች።

«ቤቶች!»

አባ ዘውዱ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። ዓይናለም ማውሷን ለቃ ብድግ አለች። ሙላቴ ቀደማት፤ «ይፍቱኝ አባ!» ብሎ ከወገቡ ሲያጎነብስ ኪሱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላተመና ማውሱ ውስጡ ተንሸራተተ። ጠቅ።

«እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ አባ።

ዓይናለም ተሳልማ ስትዞር ኮምፒውተሩ «ተቀብለዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት» ይላታል።

«አባ፣ እኔ አልነካሁትም! አይተውኛል፣ እጄ መስቀልዎ ላይ ነበር፤ በራሱ ነው የተጫነው!»

ነገሩን አስረዳቻቸው። አባ አጎንብሰው አዩ፣ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሰው እጁን አንሥቶ መስቀል በሚሳለምበት ሰዓት የሆነ ነገር የእግዜር ፈቃድ ነው። ደስ ይበልሽ።»

ሙላቴን ግን በሐዘን አዩት። አንበሳሜ ድረስ መሄዳቸው እዚያው ቀረ።

ዓይናለም ወደ ሙላቴ ዞረች። «እውነት የእግዜር ነው?»

ማውሱ ኪሱ ውስጥ እንደ ፍም አቃጠለው። ቢያወጣው፣ ሲያታልላት መክረሙ በሽማግሌው ፊት ሊገለጥ ነው። ባያወጣው፣ ልትሄድ ነው።

«ይሆናል» አላት።

ዳግመኛ አልጠየቀችውም።

መነኻሪያ ድረስ ሸኛት። የተልባዋን ትራስ በብብቷ ይዛለች።

«ሐዋሳም ነፋስ ይኖር ይሆን?» አለችው ከሚኒባሱ መስኮት።

«እንደኛ ያለ የለም።»

ነጠላዋን ወደ አፏ አነሣች። ትሣቅ ታልቅስ ሳይለይለት መኪናው ተነሣ።

መቀበያዋን ኋላ ነቀላት፤ ለማን ብሎ ይተዋት? ዛሬም ሥራ ሲቀዘቅዝ ያን ማውስ ያነሣና ይጫነዋል። ከግድግዳው ወዲያ የሚያንኳኳ የለም።

እንግዲህ በኢየሱስ ምያለሁና ገብሴን ላትርፍ። አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬአለሁ። ቀስቷ ወደ «አልቀበልም» አመራች ያልሁት ለሙላቴ አዝኜ ነው። እሱ አላየም፤ ያኔ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ነበር የሚያየው። ወዴት ልትጫን እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቃትም።