የኋላው በር

ባለካውያዋ ከሥራዋ ቀና ብትል፣ ሊያገባት ቃል የገባላት ሰው የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መዝገብ ይዞ ቆሟል። ክው አለች። እሱም አይቷት ኖሮ ፊቱ አመድ መሰለ።

ከአምስት ወር በፊት ዝናብ ነበር አንድ ሱቅ በር ላይ ያገናኛቸው። ልብስ እንደምትተኩስ ነግራዋለች፤ የት እንደሆነ ግን ቀልድ እየፈጠረች ስታመልጠው ኖራለች። ስለ ፋብሪካው ያወራ ይባረራላ!

እዚያ የሚሰፋው ሸሚዝ ሁሉ አንገቱ ላይ የፍትሐዊ ንግድ ምልክት አለው። ሩቅ ያለው ገዢ ምልክቱን አይቶ፣ ሰፊዋ አልተበደለችም ብሎ ልቡን ጥሎ ይገዛል። ተቆጣጣሪ የሚመጣው አስቀድሞ በደብዳቤ አሳውቆ ስለነበር፣ ደብዳቤው ሲደርስ የኋላው በር ሰንሰለት ይፈታል፤ እንግዳው ሲሄድ ተመልሶ ይታሰራል። ሌብነትን ለመከላከል ነው ይላል፣ ለሁሉ ነገር መልሱ አንድ ስለሆነ ሠራተኞቹ «ችግር የለም» የሚል ቅጽል ስም ያወጡለት ሥራ አስኪያጅ። ሰሞኑን ደግሞ የጣሪያው የኤሌክትሪክ ገመድ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ታናሽ እህቷ የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክለው እዚያው የታሰረው በር ሥር ነው።

ዛሬ ግን ተቆጣጣሪው ያለ ደብዳቤ፣ በድንገት መጣ፤ ተቆጣጣሪውም እሱ ነው።

ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ሲያነጋግር ቆይቶ ተራዋ ደረሰ። ከተሰቀሉት ሸሚዞች ጀርባ ቆሙ።

«በሩን አየኸው?» አለችው።

«አየሁት። ግን ከሠራተኞቹ ማንንም አላውቅም ብዬ መፈረም አለብኝ። የማውቀው ሰው ካለ አቋርጬ መውጣት ነው፤ በእኔ ቦታ ሌላ ይላካል።»

«በደብዳቤ?»

«አዎ፣ በደብዳቤ።»

ወደ ጣሪያው ቀና አለች። ላስቲኩ ይሸታል።

«እንግዲያው ፈርም።»

«የኔ ቆንጆ፣ ውሸት እኮ ነው! ደግሞ ከፈረምኩ አብረን መታየት ቀረ። አንድ ሰው ካየን፣ የፍቅረኛው ሪፖርት ነው ብለው ያስጥሉታል።»

«እስከ መቼ?»

«ምልክቱ እስኪታደስ። ሦስት ዓመት።» እጇን ሊይዝ ብሎ ተወው። «እሁድ እናትሽ ጋ ልመጣ አልነበር?»

«እህቴ እዚያ በሩ ሥር ናት» አለችው።

ሸሚዞቹ ተገለጡና «ችግር የለም» ፈገግ ብሎ ብቅ አለ። እንባ ያቀረሩትን ዓይኖቿን አያቸው።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

ተቆጣጣሪው አፉን ከፈተ። እውነቱን ሊናገር እንደሆነ ገባት፤ የወደደችውም እንዲህ ያለ ሰው ስለሆነ ነው። ቀደመችው።

«እኔ እሳቸውን? የት አውቃቸዋለሁ ጋሼ! እንፋሎቱ ነው ዓይኔን ያቃጠለኝ።»

ማንንም አላውቅም ብሎ ፈረመ። ከሰዓት በኋላ ሰንሰለቱ በመጋዝ ተቆረጠ፤ እህቷ አየር ገባ ብላ አጨበጨበች።

እሁድ እናቷ ቤቱን ጠርገው፣ አዲስ ብርጭቆ ደርድረው ይጠብቃሉ። እንደማይመጣ ልትነግራቸው አፏ እምቢ ብሏት ነበር። በሩ ተንኳኳ። ከፈተች፤ «ችግር የለም» ነው።

«በዚህ ሳልፍ ነው» አለ፣ ዓይኑን ወደ ብርጭቆዎቹ እየላከ። «እንግዳ አለ መሰለኝ?»

«መጣ እንዴ ልጁ?» አሉ እናቷ ከጓዳ።

የሰውየው ፈገግታ ሰፋ።

«አይመጣም፣ እማ» አለች ጮክ ብላ። «ሌላ አግኝቶ ትቶኛል። ሦስት ቀን ሆነው።»

እናቷ እየጮሁ ወጥተው አቀፏት። ሰውየው ብርጭቆዎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ «አይዞሽ» ብሎ ሄደ። እሷም ያን ጊዜ እንደ ልቧ አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲያ ለምን ታለቅሻለሽ የሚላት አልነበረም።