ጠብቆ ሲነበብ

«እስቲ ቀለሜ፣ ተነሺና አንብቢልን። መጀመሪያ አላልተሽ፣ ቀጥሎ አጥብቀሽ።»

አስተማሪው ጠመኔያቸውን ወደ ሰሌዳው አቅንተው ቆሙ። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፤ «ልጁ ይመታል»። ቃሉን ያዋጣው ፌንጣ የሚሉት የኋላ ወንበር ተማሪ ነው። አስተማሪው ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል አምጡ ባሉ ጊዜ፣ ሌሎቹ «ዋና» እና «አለ» ሲሉ፣ እርሱ የጎረቤቱን ጀርባ በጡጫ ጎሰም አድርጎ «ይመታል!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቀለሜ ተነሣች። ቀለሜ የተባለችው በቀለም ትምህርት የሚደርስባት ስለሌለ ነው፤ ይህን ስም ካወጡላት ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እናቷ ካወጣችላት ስም ይልቅ የሚታወቀውም ይኸው ነው። መጀመሪያውን በቀላሉ አነበበችው። ሁለተኛውን ልታነብ ስትል ግን ከንፈሯ «መ» ላይ ደርሶ እምቢ አለ።

«አላውቀውም» አለች።

«ቀለሜ አላውቅም አለች! ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?» አለ ፌንጣ።

የወንበር ጓደኛዋ ክንዷን ጎተት አድርጋ፣ «ኧረ ሼም ነው! ይሄን እኮ እኔም አውቀዋለሁ» ብላ ሹክ አለቻት።

አስተማሪው አዩአትና ራሳቸው አነበቡት። «ላልቶ ከተነበበ ልጁ መቺ ነው። ጠብቆ ከተነበበ ግን ዱላው ያረፈው በእርሱ ላይ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በአንባቢው አፍ ውስጥ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ ሲጠብቅ የድርጊቱ ባለቤት ይሰወራል። ማን እንደ መታው ዓረፍተ ነገሩ አይነግረንም።»

ቀለሜ ተቀመጠች። ልጆች «ሼም ነው» ሲሉ የሚሉት እንደ ጠመኔ ብናኝ በእጅ የሚራገፍ ነገር ነው። እርሷ ግን አሥራ አንድ ወር ሙሉ የተሸከመችው ሌላ ነው፤ የማይራገፍ።

*

ከአሥራ አንድ ወር በፊት እህቷ የሃያ ሦስት ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች። የምትሠራው የደንብ ልብስ በሚሰፋበት አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ነው፤ ከሕንፃው ጀርባ በብረት ደረጃ ይወጣል። በዚያ ቀን ቀለሜ የቤት ቁልፏን ረስታ ስለ ነበር የእህቷን ልትቀበል ሄደች። የሥራ ሰዓት አልፎ ነበር። የስፌት መኪናዎቹ በሽፋናቸው ተሸፍነዋል፤ ሰው የለም። ከጨርቅ መጋዘኑ ውስጥ ድምፅ ሰማችና በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት አየች።

የወርክሾፑ ባለቤት የእህቷን ፀጉር ከማጅራቷ ላይ ጨምድዶ ይዞ፣ በጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ አጣብቋታል። በነፃ እጁ ሁለት ጊዜ ፊቷን መታት። እህቷ ዘወትር በአንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ቢጫ ሜትር ወለሉ ላይ ወደቀ።

ቀለሜ መጮኽ ትችል ነበር። መስታወቱን በቦርሳዋ መምታት ትችል ነበር። ከታች፣ ከበሩ አጠገብ፣ የጥበቃው ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። እርሷ ግን የብረቱን ደረጃ በሩጫ ወርዳ፣ በሽማግሌው ፊት አንድ ቃል ሳትተነፍስ አልፋ፣ እስከ ቤት ድረስ ሮጠች። ቁልፍ የሌላት መሆኑን ያስታወሰችው የቤታቸውን በር ስትነካ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየችም። እህቷ ለእናታቸው ስትነግር ግን በመጋረጃ ማዶ ሆና ሰማች። ሰውየው እህቷን በኃይል ደፍሯታል።

እህቷ በማግሥቱ ሐኪም ቤትም ፖሊስ ጣቢያም ሄደች። ሰውየው ካደ። ጨርቅ ስትሰርቅ ደርሼባት ባባርራት ተናድዳ መታችኝ አለ፤ በጉንጩ ላይ ያለውን ጭረትም አሳየ። ታናሽ እህቷ ደረጃውን ወጥታ እንደ ወረደች የጥበቃው ሽማግሌ ስለ ተናገሩ፣ ቀለሜ ለቃል ተጠራች። ይዟት የሄደው አጎቷ ስልክ ሲጠራበት ወደ ውጭ ወጣ። ቀለሜ ዓይኗን ከጠረጴዛው እግር ሳትነቅል፣ በለሆሳስ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረች። መርማሪው ጻፉና ከመፈረሟ በፊት ጮክ ብለው አነበቡላት፤ «እህቴ ስትመታ አይቻለሁ።»

ያነበቡት አላልተው ነው። መቺዋ እህቷ ሆነች።

ቀለሜ ስሕተቱን በዚያችው ቅጽበት ሰምታዋለች። አጥብቀው እንዲያነቡት ለማለት አፏን ከፈተች። ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አስቀድማ አየችው። «እሺ፣ ከዚያስ? አንቺ ምን አደረግሽ?» ያንን ጥያቄ ላለመመለስ ስትል ፈረመች። እናቷ ማታ «ያየሽውን ተናገርሽ?» ስትላት «አዎ» አለች። ከጥቂት ወራት በኋላም መዝገቡ በቂ ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ ተዘጋ።

*

ከትምህርት ቤት ስትመለስ እህቷ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሰው መጋረጃ ትዘመዝም ነበር። ወርክሾፑን ከተወች ወዲህ የምትሠራው ቤት ውስጥ ነው፤ የደንብ ልብስ ጨርቅ ግን አትነካም።

«ነገ በነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡኝ ጠበቃ ዘንድ ቀጠሮ አለን» አለች፣ ከስፌቱ ቀና ሳትል። «አንቺም ብትመጪ ጥሩ ነው ብለዋል።»

«እኔ ምን እሠራለሁ፣ እታለም?»

«ምን አውቃለሁ? ውሃ ታቀብዪኛለሽ።»

እናታቸው ከጓዳ ብቅ አለች። «ተዪው አልኩሽ እኮ፤ ሰው አፉን ይከፍትብናል። የራስን ገመና ይዞ አደባባይ መውጣት ምን ይሉታል?»

«ገመናው የእኔ አይደለም፣ እማዬ። የእርሱ ነው። እኔ ይዤለት ነው የኖርኩት።»

እናቲቱ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ቀለሜም ቦርሳዋን ሳታወልቅ ብዙ ቆመች። እህቷ ክሩን በጥርሷ ቆርጣ፣ «ምነው? እንደ ዕቃ ተገተርሽ» እስክትላት ድረስ።

*

የነፃ ሕግ ድጋፍ ቢሮው ከአንድ ማተሚያ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ከታች የሚሠራው ማሽን ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። ጠበቃዋ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው የያዙ ትልቅ ሴት ናቸው። ወንበር አነሰና ለራሳቸው የመዝገብ ካርቶን ገልብጠው ተቀመጡ። «አይዟችሁ፤ ያልተፈረደበትን ፋይል ሁሉ ሲሸከም የኖረ ካርቶን ነው፤ በእኔ አይሰበርም» አሉ። እህቷ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች።

«ፖሊስ ዘግቶታል እኮ» አለች እህቷ። «ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ?»

«የተዘጋው አንድ በር ነው። የወንጀሉ መዝገብ ሌላ፣ የፍትሐ ብሔሩ ክስ ሌላ። በወንጀሉ ከሳሹ መንግሥት ነው፤ አንቺ ምስክር ነበርሽ። በዚህኛው ግን ከሳሽዋ ራስሽ ነሽ። እስር ቤት አያስገባውም። ላደረሰብሽ ጉዳት ግን በዳኛ ፊት ተጠያቂ ይሆናል፤ ለሕክምናሽ፣ ከሥራ ለቀረሽበት፣ ለመንፈስሽ ጉዳት ካሳ ትጠይቂዋለሽ።»

«ካሳ?» አለች እናታቸው፤ ነጠላዋን ወደ አፏ እያስጠጋች። «የልጇን ክብር ሸጠች ይሉኛል።»

ጠበቃዋ ወደ እርሷ ዞር አሉ። «ዋጋ የሚለጠፈው በሚሸጥ ዕቃ ላይ ነው፣ እናቴ። ልጅዎ የሸጠችው ነገር የለም። ካሳ ማለት የሰበረ ሰው ሰብሬያለሁ እንዲል ማስገደድ ነው። ይህን ካልፈለጋችሁም አለመክሰስ ይቻላል፤ እርሷ ካልፈለገች እኔ አንድ መስመር አልጽፍም።»

«በችሎት ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የምናገረው?» አለች እህቷ።

«በዝግ ችሎት ይታይልኝ ብለን እናመለክታለን። ማስረጃውም ቢሆን፣ በወንጀሉ ክስ ቅንጣት ጥርጣሬ ሊቀር አይገባም፤ በዚህኛው ዳኛው የሚያዩት ሚዛኑ ወደ ማን እንዳጋደለ ነው። የሐኪሙ ወረቀት አለን፤ እርሱ ብዙ ነው። የሚያስቸኩለን ይርጋው ነው። የክስ ማቅረቢያው ጊዜ ገደብ አለው፤ ካለፈ አይመለስም።» ከዚያ ከፋይሉ ውስጥ አንድ ወረቀት መዘዙ። «የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ይኸውልሽ።»

ፎቶ ኮፒ ነበር። ቀለሜ ከታች ያለውን የራሷን ፊርማ ከሩቅ አወቀችው፤ ለትምህርት ቤት ደብተሯ የተለማመደችው ያ የተጠማዘዘ ፊርማ።

«የእርሱ ጠበቃ የሚደገፈው በዚህ ነው። ‹የገዛ እህቷ ስትመታው አይታለች› ብሎ ይከራከራል። እኔ ግን ‹ስትመታው› የሚል አላየሁም። ‹ስትመታ› ነው የሚለው።» ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርገው ወደ ቀለሜ አስጠጉት። «ጽሑፍ ዲዳ ነው፣ የኔ ልጅ። እንዴት ብለሽ እንደ ተናገርሽው ከአንቺ አፍ ልስማው። አንብቢልኝ።»

ከታች ማሽኑ ቆመ። ወለሉ ጸጥ አለ።

ቀለሜ ወረቀቱን አነሣች። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ ጆሮዎቿ ሳይቀሩ። አላልታ ብታነበው ማንም ምንም አይላትም፤ ልክ በዚያን ቀን እንደ ሆነው፣ ቃሉ በከንፈሯ ላይ ሾልኮ ያልፋል፤ እርሷም የቤት ሥራዋን ልትሠራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እህቷን አላየቻትም። የእህቷን እጅ ብቻ አየች፤ በጉልበቷ ላይ ቢጫውን ሜትር ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። መቼ መልሳ እንደ ያዘችው ቀለሜ አታውቅም።

«እህቴ…» አለች።

ከንፈሯ «መ» ላይ ገጠመ። አሥራ አንድ ወር የገጠመ ከንፈር ነው፤ አሁን ግን የገጠመው ቃሉን ሊያወጣ ነው። ጠበቀ። ጠብቆ ወጣ።

«…ስትመታ አይቻለሁ።»

እናታቸው እስትንፋሷን ሳበች። ጠበቃዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ፖሊስ ጣቢያ ሲነበብልሽስ?»

«አላልተው አነበቡት። ሰምቻለሁ። አላረምኳቸውም።»

«ለምን?»

«ከዚያስ ምን አደረግሽ እንዳይሉኝ።»

ጠበቃዋ ያንን ጥያቄ አልጠየቁም። የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቀለሜ ግን መለሰችው።

«ሮጥኩ። ጥበቃውን እንኳ ሳልጠራ ሮጥኩ። እዚያው ትቻት ሄድኩ።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ፊቷን በወረቀቱ ሸፈነች።

እህቷ፣ ሜትሩን መጠቅለሏን ሳታቆም፣ «አውቃለሁ» አለች። «የብረቱን ደረጃ ስትወርጂ ሰምቼሻለሁ። የአንቺን እርምጃ አጣዋለሁ እንዴ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ነበር።» ሜትሩን በጣቷ ላይ ጠመጠመች። «ተናድጄብሽም ነበር። አሁንም ትንሽ ተናድጄብሻለሁ። በውሸት አልምልልሽም።»

ቀለሜ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በላይ የተመቸ መልስ ብትሰማ ኖሮ ባላመነችው ነበር።

ጠበቃዋ ንጹሕ ወረቀት አወጡ። «እንግዲህ ይህን እንደ አዲስ የምስክርነት ቃል እናያይዘዋለን። ዐቃቤ ሕጉም የተዘጋውን መዝገብ እንደ ገና እንዲያየው እንጠይቃለን፤ ይከፍተዋል ብዬ ግን ቃል አልገባም። ምስክር ስትሆኚ ይጠይቁሻል፤ ለምን ያን ጊዜ ዝም አልሽ፣ ለምን ሮጥሽ እያሉ፤ የዛሬው አይነት ለስላሳ ጥያቄም አይሆንም። ዕድሜሽ ገና ስለሆነ የእናትሽም ፈቃድ ያስፈልገኛል። አስቢበት፤ ዛሬ መወሰን የለብሽም።»

እናታቸው ሁለቱን ልጆቿን ተራ በተራ አየች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደችና፣ «እርሷ ካለች እኔ ምን እላለሁ» አለች።

ቀለሜ ዓይኗን ጠራርጋ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«እንዴት ብዬ ልጻፈው?» አሉ ጠበቃዋ እስክሪብቶውን አንሥተው። «ነጥብ እናድርግበት? ‹ስትመታ› ጠብቆ ይነበብ ብለን?»

ቀለሜ የደበዘዘውን ኮፒ አየችው። አስተማሪዋ ከሰሌዳው አጠገብ ቆመው ያሉትን አስታወሰች።

«አይ» አለች። «‹ስትመታ› አይበሉ። እርሱ ቃል ባለቤት የለውም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «‹የወርክሾፑ ባለቤት ፀጉሯን ይዞ ሲመታት አየሁ› ብለው ይጻፉ።»

እስክሪብቶው መጻፍ ጀመረ።